የእንግዳው ግብር

ሁለት ሕፃናት ልጆቿንና እናቷን ይዛ ከአዲስ አበባ ዳላስ የገባች ሴት፣ ጋርላንድ የምትኖረው እኅቷ መኪና እንዳላት ታውቅ ነበር። የልጆቹ መቀመጫዎች ከኋላ ሲታሰሩ ግን ለአያት ቦታ አልተረፈም። በቴክሳስ ሕግ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነና ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልደረሰ ልጅ ያለ ልዩ መቀመጫ በመኪና አይጓዝም፤ «ታቅፌው ብሄድስ?» የሚለው የአያት ሐሳብ ከጅምሩ ቀረ። ስለዚህ ለመዝናኛ ፓርኩ ብለው አርሊንግተን ባረፉ ማግሥት ሰባት ሰው የሚይዝ ሚኒቫን ተከራዩ።

በደረሰኙ ላይ ከኪራዩ ሌላ 10 በመቶ የክፍለ ግዛቱ ግብር አለ። ከዚያም 5 በመቶ የከተማዋ ግብር ይጨመርበታል። ይህን የአርሊንግተን መራጮች እ.ኤ.አ. በ2004 ለዳላስ ካውቦይስ ስታዲየም አጸደቁት፤ በ2016 ደግሞ ለቴክሳስ ሬንጀርስ የቤዝቦል ሜዳ አራዘሙት። ግብርን በእንግዳ ላይ መጣል ለፖለቲከኛ ይመቻል፤ እንግዳ ድምፅ አይሰጥም። ከተማዋም ቋሚ መስመር ያለው የሕዝብ አውቶቡስ ስለሌላት፣ ልጅ የያዘ ሰው ዋጋው ቢጨምርም መኪናውን አይተውም። (ስታዲየም ወጪውን ይመልሳል የሚለውን ክርክር አብዛኞቹ ኢኮኖሚስቶች ከተዉት ቆይተዋል።)

መራጮቹ ያሰቡት እንግዳ ግን አልከፈለም። ካርዷን ያወጣችው እኅቷ ናት፤ ሀበሻ ቤቱ የመጣን ዘመድ አያስከፍልም። እርሷም የጋርላንድ ነዋሪ ናትና አርሊንግተን ውስጥ ድምፅ የላትም። እንግዳዋ ሒሳቡን በብር ልታሰላ ስትጀምር፣ እኅቷ ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።