መንግሥቱ ወይስ አዳነ?

እኛ ቤት ሁሉም የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። ጠቡ የሚነሳው “የክለባችን የምንጊዜም ምርጥ ማነው?” ሲባል ነው። ለአያታችን ለአባባ መልሱ አንድ ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተው፣ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ በጭማሪው ሰዓት አራተኛዋን ጎል ሲያገባ አይተዋል። እኛ ደግሞ የአዳነ ግርማ ዘመን ልጆች ነን። “እስቲ የመንግሥቱን ቪዲዮ ያሳዩን!” እያልን እናበሽቃቸው ነበር። “እኔ አይቻለሁ፤ አይበቃም?” ይሉናል።

በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ደቡብ አፍሪካ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ዛምቢያ እየመራችን፣ በአሥር ሰው ቀርተን፣ አዳነ አገባ! 1 ለ 1። ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። “አባባ፣ አሁንስ?” አልናቸው። ዓይናቸውን እየጠረጉ “ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” አሉን።

ጥር 13።

ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ አምጡ ብለናቸው አናውቅም። የአዳነ ጎል ቪዲዮ አለው፤ የአባባ እንባ ግን የለበትም። በቀደም ትንሹ ወንድማችን “አዳነ ደሞ ማነው?” አለን።

“እኛ አይተናል፤ አይበቃም?” አልነው።