የቫይዘሩ ጭረት

የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ባሉት ዓመታት ዛላምበሳ አካባቢ ፈንጂ ከሚያመክን ቡድን ጋር በንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ከተማዋ ፈርሳ ነበር። ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ የተተከለውን የአደጋ ምልክት ያያል እንጂ በሬ ጠምዶ አይገባም። እኔም አልገባም፤ የእኔ ሥራ ገብተው የሚወጡት ልጆች የሚለብሱትን መጠበቅ ነበር።

የፈንጂ አምካኝ ሰደርያ ከወታደር ጥይት መከላከያ ይለያል። ፈንጂው ያለው ከፊት ስለሆነ አንገትን፣ ደረትንና ሆድን ይሸፍናል፤ ጀርባው ክፍት ነው። ውስጡ የተነባበረው አሜሪካዊቷ ኬሚስት ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 እ.ኤ.አ. ካገኘችው፣ በንግድ ስሙ ኬቭላር ከሚባለው ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው። ፀሐይና እርጥበት ያዳክሙታል። ስለዚህ የውጭ ልብሱን ብቻ አውጥቼ በእጅ አጥባለሁ፤ የውስጡን ንጣፍ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ እንጂ አልነክረውም። በረኪና አላስጠጋም። ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ሳይታጠፍ ጣውላ ላይ ይጋደማል። የንጣፉን ሽፋን ስፌት በጣቴ እየዳበስኩ እፈትሻለሁ፤ የተቀደደውን ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ሐሳቤ ግን ሁልጊዜ ቫይዘሩ ላይ ነበር። ቫይዘር የምንለው ፊትን የሚሸፍነውን፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ግልጽ ፕላስቲክ ነው። አዲግራት ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ የሌላ ቡድን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰደርያው ደረቱን አትርፎለታል። ዓይኖቹ ግን ጠፍተዋል፤ ፈንጂው ሲፈነዳ ቫይዘሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

እኛ ጋም አንድ የመሐንዲስ ወታደር የነበረ ጎበዝ አምካኝ ነበር። የቡድን መሪው ሻምበል ከሩቅ፣ «ቫይዘርህን አውርድ!» ብለው ጮኹበት።

«ሻምበል፣ ሳወርደው እኮ መሬቱ አይታየኝም።»

ማታ ቫይዘሩን ተቀብዬ ጋዜጣ ላይ ደገንኩት። ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ልጁ እውነቱን ነበር። አቧራውን ሁሉም በእጅጌያቸው ነው የሚጠርጉት፤ ደረቅ አሸዋ ደግሞ ፕላስቲኩን ይፍቀዋል። ቅባት ለማስለቀቅ ቤንዚን የነካኩም ነበሩ፤ ቤንዚን በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣበታል። እንዲህ የሆነ ቫይዘር የሚሠራውን ሰው ያለ ጥፋቱ ደንብ ያስጥሰዋል። ተግሣጽ የሚገባው እሱ አልነበረም።

ሻምበል ዘንድ ሄጄ ለቫይዘር ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውኃ በየቀኑ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣልን፤ ለመጠጥም አይበቃም። «ሰው እየጠማው ፕላስቲክ እናጥባለን?» አሉኝ። ጋዜጣውንና ቫይዘሩን ሰጠኋቸው። ቫይዘሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ለማንበብ ሞከሩ። ቆይተው፣ «ግማሽ ጀሪካን» አሉ።

ግማሹም በቂ ነበር። መጀመሪያ ውኃ አፍስሰን አቧራውን እናወርዳለን፤ ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ እናብሳለን። ለእያንዳንዱ ቫይዘር አንድ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ አንሶላ ከረጢት ሰፋልን። አንዱ በአንዱ ላይ መደራረብ ቀረ። በየሳምንቱ በጋዜጣ እፈትን ነበር፤ ፊደሉ ካልተነበበ ያ ቫይዘር ማሳ አይገባም። ሻምበልም የዕቃ መጠየቂያው ላይ ከድንኳኑና ከጎማው አስቀድመው ቫይዘር ማስጻፍ ጀመሩ።

አዲሶቹ ቫይዘሮች ሲደርሱ አሮጌዎቹን የፈለገ ብዙ ነበር። ጥበቃው ለሞተር ሳይክሉ፣ ሹፌሩ ለመስኮቱ ለመነኝ። አልሰጠሁም። የተወገደ ዕቃ ግቢ ውስጥ ካለ፣ አንድ ቀን በጥድፊያ ሰው ፊት ላይ መዋሉ አይቀርም። ያን «አይታየኝም» ያለውን አምካኝ ጠራሁትና የብረት መጋዝ ይዘን ሁሉንም ለሁለት ለሁለት ከፈልናቸው።