ዳርቻው ይታያል?



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ዓሣ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኛ ስቶክሆልም የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። በሥራ ስንሯሯጥ ከርመን፣ በመስከረም አንድ ቅዳሜ ጀልባ ተከራይተን ዓሣ ልናጠምድ ተስማማን። የፈለግነው ስዊድኖች «ዬዳ» የሚሉትን፣ በእንግሊዝኛ ፓይክ የሚባለውን ነው። አፉ እንደ አዞ ጠፍጣፋና ረጅም፣ ጥርሱ ተራ ክር የሚበጥስ አዳኝ ዓሣ ነው። ለዚህም ከመንጠቆው በላይ የብረት ሽቦ ይታሰርለታል።

ክርክሩ የመጣው ሐይቅ ስንመርጥ ነው። ስዊድን ውስጥ በአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ማንም ሰው በዘንግ በነጻ ማጥመድ ይችላል፤ በሌሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማጥመጃ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል። አንዳችን «ቬተርን!» አለ። ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጥልቀቱ እስከ 128 ሜትር የሚደርስ፣ ውሃው ጥርት ያለ ሐይቅ ነው። ሌላው «የልማረን ይሻላል፣ ጥልቀት የለውም» አለ። ሦስተኛው «ሜላረን ደጃችን እያለ ነዳጅ ለምን እናቃጥላለን?» አለ። አራተኛው ወንድማችን ግን «እንደ ወደዳችሁ» ብሎ ዝም አለ። ተከራክረን ተከራክረን ቬተርን አሸነፈ። ሹራ አድርገን የወሰንን መሰለን።

አርብ ማታ ከዒሻእ ሰላት በኋላ ዕቃ ስናሰናዳ ያ ዝምተኛ ወንድማችን ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «ጀልባዋ ላይ ሆነን ዳርቻው ይታያል?»

ሁላችንም እጃችን ላይ የያዝነውን አስቀመጥን። ይህ ወንድማችን ወደ አውሮፓ የመጣው ከሊቢያ ተነስቶ በላስቲክ ጀልባ ነው (ይህን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው)። ሁለት ሌሊት መሬት ሳያይ ባሕር ላይ አድሯል። ዋና አይችልም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስለ ሐይቅ ያን ሁሉ ስናወራ ግን አንዳችንም እሱን አልጠየቅነውም። «ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» ስንለው «ደስታችሁን ላበላሽ አልፈለግኩም» አለ። አፈርን።

ያን ማታ ምርጫውን እንደ አዲስ ጀመርን። ቬተርን ነፋስ ድንገት የሚነሳበት ሰፊ ውሃ ስለሆነ ቀረ። የልማረን ጥልቀት ባይኖረውም ገላጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ነፋስ ሲመጣ አጭርና ቁጡ ማዕበል ይነሳል። ሜላረን ግን በብዙ ደሴቶችና ጠባብ ጥጎች የተከፋፈለ ነው፤ ቦታ ከመረጡ ዳርቻው ከዓይን አይጠፋም። የሚገርመው ዬዳም የሚያደባው ዳር ዳሩን፣ ሸምበቆና የውሃ ሣር ውስጥ ነው። ለትልቅ ዓሣ የግድ ትልቅ ውሃ የሚያስፈልግ መስሎን ስንከራከር ነው የከረምነው።

ቅዳሜ ሁላችንም ላይፍ ጃኬት ለበስን፤ ዋና እንችላለን የምንለውም ጭምር። እሱን መሐል አስቀምጠን «ቢስሚላህ» ብለን ከሸምበቆው ሳንርቅ ቀዘፍን። ዙህርን ከጀልባ ወርደን ሣሩ ላይ በጀመዐ ሰገድን። የያዝነው አንድ ዬዳ ብቻ ነው፤ ጠብሰን ለአራት ተካፈልነው፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድማችን ጀልባዋ ላይ እስካለን ድረስ ጠርዟን አለቀቀም። ስንወርድ ግን «በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ቀደም ብለን እንምጣ» አለ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የሚያሰግድ ሰው ሰላቱን እንዲያቀል አዘዋል፤ ከኋላው ደካማ፣ በሽተኛና ሽማግሌ ይኖራልና። በሰላት እንዲህ ከታዘዝን፣ ለሽርሽርማ እንዴት አንተሳሰብም? ሹራ ጮክ ብሎ የተናገረውን ሰው ሐሳብ መቁጠር ብቻ አይደለም። በእናንተም ጀመዐ ውስጥ «እንደ ወደዳችሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ከመንገዳችሁ በፊት እሱን ለብቻው ጠይቁት።

አላህ አንዳችን ለሌላችን የምናስብ ያድርገን። አሚን።