ቀይ ቀበሮዋን ፎቶ ያነሳሁ ቀን

ባለፈው እትም “የደንቆሮ ጫካን አራዊት በፎቶ እናሳያችኋለን” ብለን ቃል ገብተን ነበር። ቃሉን የገባሁት እኔ ነኝ። ክበባችን ካሜራ የለውም፤ እኔም የለኝም። የተገኘው የታላቅ ወንድሜ ስልክ ነው፤ እሱም መስታወቱ ተሰንጥቋል። “ብትጥለው ወየውልህ!” ብሎ ሰጠኝ።

አያቴ የሚኖሩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው። እኛ እንኳ ደንቆሮ ጫካ ነው የምንለው። (እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ!) ቅዳሜ በማለዳ ከቤት ስወጣ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጅብራዎቹ ጉም ውስጥ ሆነው ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላሉ። የአያቴ ውሻ ቡቺ ተከተለኝ። “ተመለስ!” ብዬ ድንጋይ ሳነሳበት ጅራቱን ቆላ። ተውኩት።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጭላዳዎችን ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። ሌሊት ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይመጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ ይውላል፣ ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት አያስቸግርም። ወንዱ ጎፈሬው እንደ አንበሳ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። 19 ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳያቸው 19ኙም ጥቁር ጥላ ናቸው። ለካ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዤ ነበር ያነሳሁት! ከኋላዬ መሆን ነበረባት። ስልክ የምትዋሱ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

የሳይንስ መምህራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ነግረውናል። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና መሬትን ፎቶ እንድታነሳ ነበር የተላከችው። እኔ ደግሞ 100 እርምጃ ላይ ያለ ነገር ለማንሳት እጄ ተንቀጠቀጠ። 100 እርምጃ ላይ የነበረችው ቀይ ቀበሮ ነበረች።

ጓሳው መሀል፣ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ቆማለች። እግሯ ቀጭን፣ አፏ ሾጠጥ ያለ፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ። አትንቀሳቀስም። እኔም በሆዴ ተኛሁ። ስልኩ ሲያቀርባት ትደበዝዛለች፣ ሳላቀርባት ነጥብ ትሆናለች። ትንፋሼን ይዤ 3 ጊዜ አነሳሁ። አራተኛውን ልጫን ስል ከጎኔ አንድ ነገር ተወርውሮ አለፈ። ቡቺ! እየጮኸ ሄደባት። ቀበሮዋ አንዴ ዞር ብላ አየችና አስታው ውስጥ ገባች፤ ቡቺም ተከትሏት ገባ።

ስጠራው የሰማኝ ቡቺ ሳይሆን የፓርኩ ስካውት ነው። እየሮጠ መጣ። አለቀስኩ መሰለኝ፣ “አብሽር፣ አልመታህም። ውሻው የማነው?” አለኝ።

“የአያቴ ነው ጋሼ።”

“ተከትቧል?”

ዝም አልኩ። እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ቀይ ቀበሮ የምታድነው ለብቻዋ ነው፣ የምትኖረው ግን በቤተሰብ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ አንዷ ከተላለፈ ቤተሰቡን ሊጨርስ ይችላል። ባሌ ተራሮች ላይ በዚህ በሽታ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት እኛው አገር፣ ደጋ ደጋው ላይ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ቀበሮ የሚገድለው ሰው በጥይት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቡቺ ከብዙ ቆይታ በኋላ ምላሱን አውጥቶ ተመለሰ። አፉ ላይ ደም እንዳለ አየሁ፤ አልነበረም።

ማታ ለአያቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። “አባባ፣ ቡቺ ይከተብ፣ ቀንም ይታሰር” አልኳቸው። ተቆጡ። “ታስሮ የሚውል ውሻ ምን ይሠራልኛል? ጅብ በጎቹ ላይ ሲመጣ አንተ ትጮህልኛለህ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። አምና ጅብ ሁለት በግ በልቶባቸዋል። ጠዋት ስነሳ ግን ቡቺ በገመድ ታስሮ አገኘሁት። “ማታ እፈታዋለሁ፤ ክትባቱ ሲመጣ እወስደዋለሁ” አሉ ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ሳያዩኝ። እስካሁን ክትባቱ አልመጣም። በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም “ነዝናዛ” ይሉኛል።

ከ3ቱ ፎቶዎች አንዱን ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብኩት። የክበባችን ጸሐፊ አይታ “ድመት ነች?” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቢጫ ሣርና አንድ ቀይ ነጥብ ነው። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ የምታዩትን በከለር እርሳስ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ጆሮዋን ግን ከፎቶው ላይ ነው የወሰድኩት። ለካ ደንግጬ አራተኛውንም ተጭኜው ኖሯል። እሱ ላይ ቀበሮዋ የለችም። በስተቀኝ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የቡቺ ጅራት ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ አጥፋው አለኝ፣ እኔ ግን አላጠፋሁትም። ሥዕሉን ልብ ብላችሁ ብታዩት ጅራቱንም ስዬዋለሁ።