እፉኝቷና ባለ መድኃኒቱ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ገዛ ጥፋቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ነዶ ሲሰበስብ እግሩን እፉኝት ነደፈችው። ጓደኞቹ እግሩን በገመድ ጠፍረው አሰሩት፤ የተነደፈውንም ቦታ በምላጭ በጡት። እርሱም «ጤና ጣቢያ ልሂድ ወይ?» ብሎ በስልክ ጠየቀኝ። እኔም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 የተማርሁትን፣ ቅዱስ ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት ከእፉኝት መርዝ እንደ ዳነ አስታውሼ፣ «እመን፤ አንተንም አትጎዳህም» አልሁት።

በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ቡና ጠቆረ፤ በአራተኛው ቀን ጨርሶ ተቋረጠ። ፊቱ አበጠ፤ ትንፋሹም አጠረ። ጎንደር ስንደርስ ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙን ነገሩን።

እግሩን የተነደፈ ሰው ስለ ምን ኩላሊቱ ይታመማል? ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። እያንዳንዱም ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ረቂቃን ማጣሪያዎች ደሙን ያጠራል። ስለዚህ ደም የተሸከመው መርዝ በዚያ ያልፋል። የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደም ፈስሶ ግፊቱ ሲወርድም ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ጡንቻ ሲፈራርስ የሚለቀው ቀለም ደግሞ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሽንትንም ያጠቁራል።

ወንድሜ ለሦስት ሳምንት የኩላሊት እጥበት ተደረገለት። በአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ ምዕራፍ ደግሜ ሳነብ ቀድሞ ያላስተዋልሁትን አየሁ። ታሪኩን የጻፈልን፣ በዚያች መርከብም ከጳውሎስ ጋር የነበረው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነው። ጳውሎስም ጭራሮ ሲሰበስብ ተነደፈ እንጂ እፉኝት ፈልጎ አልሄደም። ደቀ መዝሙሩ ጢሞቴዎስን ሆዱን ባመመው ጊዜ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ የመከረውም እርሱ ራሱ ነው። እኔ ግን ለሐዋርያው የተደረገውን ተአምር በወንድሜ ሥጋ ፈተንሁት።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መርዝ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ወደ ቆላ የሚወርድ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ የተነደፈውን እግር አያንቀሳቅስ፣ አያስበጣው፣ በገመድም አያስጠፍረው፤ የመርዝ ማርከሻ ወዳለበት ሕክምና ፈጥኖ ይድረስ። ማርከሻው ዘግይቶ ቢሰጥ አንድ ጊዜ የተጎዳውን ኩላሊት አይመልስም። መጠኑ ያልታወቀ ሥራ ሥርና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጸሎቱን በመንገድ ላይም ማድረስ ይቻላል።

ወንድሜ ዛሬ ቆሞ ይሄዳል፤ ኩላሊቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነምና በየጊዜው ይመረመራል። ይቅርታ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሁለተኛ ስደውልልህ ጸልይልኝ ብቻ ነው የምልህ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።