ስኮፕ ልትገዙ ነው? ሜጋኸርዙን ለጊዜው ተዉት

«ኦሲሎስኮፕ ልገዛ ነው፤ 50 ሜጋኸርዝ ይበቃኛል ወይስ 100 ይሻላል?» ኢንቦክሴን የሚያጨናንቀው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔም ሁሌ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፦ ምን እየሠራህ ነው? ምን አስቸገረሽ?

መልሱ በአብዛኛው ይመሳሰላል። «ሲም800ኤል ከአርዱይኖ ጋር አገናኝቼ ኤስኤምኤስ ልትልክ ስትል ጠፍታ ትነሳለች። በቴስተር ስለካት ደግሞ ልክ 4 ቮልት ነው።» የመመረቂያ ፕሮጀክት የሠራ ሰው ይህችን ሞጁል ሳያውቃት አይቀርም። የውኃ ፓምፕ በስልክ ለማስነሳትም ሆነ ሌባ ሲገባ መልእክት ለመላክ ብዙዎች የሚመርጧት ርካሽ ስለሆነች ነው።

ቴስተሩ አልዋሸም። የሚያሳየው ግን አማካዩን ነው፤ ቁጥሩንም የሚያድሰው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የጂኤስኤም ሞጁል ደግሞ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም። በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ያስተላልፋል፤ በዚያች ቅጽበት ግን እስከ 2 አምፔር ይስባል። ሽቦው ከቀጠነ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ከ3.4 በታች ይወርድና ሞጁሏ ትጠፋለች። ይህን ስኮፕ ላይ ስታዩት ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ በእኩል ርቀት ተሸርፎ ታገኙታላችሁ። ሽቦውን አወፍራችሁ፣ ሞጁሏ እግር ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስትጨምሩ ሽርፉ ዓይናችሁ እያየ ያንሳል። ስንት ማታ ኮድ ሲያስለውጥ የኖረ ችግር ኮዱ ውስጥ እንዳልነበረ ያኔ ይገባችኋል።

ታዲያ ይህን ለማየት ስንት ሜጋኸርዝ ያስፈልጋል? አንድም አያስፈልግም። ራሳችሁ ሶልደር አድርጋችሁ የምትገጣጥሙት፣ ከ200 ኪሎኸርዝ በላይ የማያየው የዲኤስኦ138 ኪት እንኳ ያሳያችኋል። ሌሎቹ የምትለኳቸው ምልክቶችም ቢሆኑ ያን ያህል ፈጣን አይደሉም፦ በ9600 የሚሄድ ሲሪያል የአንዱ ቢት ርዝመት 104 ማይክሮሰከንድ ነው። አይ2ሲ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ወይም በ400 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ኤልኤም2596 የሚባለው ባክ ኮንቨርተር በ150 ኪሎኸርዝ ይቆራርጣል። የአርዱይኖ ኡኖ ክሪስታል ራሱ 16 ሜጋኸርዝ ነው። እርግጥ 50 ሜጋኸርዝ የተባለ ስኮፕ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሞገዱን ቁመት ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ስኩዌር ሞገድ ከሆነ ጠርዙን አስተካክሎ የሚያሳየው እስከ 10 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ለጀማሪ ግን እሱም ከበቂ በላይ ነው።

እኔ በሜጋኸርዝ ምትክ የማየው ትሪገሩን ነው። የእኛ ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። «ቮልቴጁ ከዚህ ሲወርድ ያዝልኝ» ብላችሁት «ሲንግል» የሚለውን ስትጫኑ ያቺን ቅጽበት ይዞ መቆም አለበት። ባለ ካቶድ ቱቦው የድሮ አናሎግ ስኮፕ ለአምፕሊፋየር ጥገና ደስ ይላል፤ በዚህ በኩል ግን አያዋጣም። አንድ ቴክትሮኒክስ 465 ደግሞ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ «ስትመጪ ያዢልኝ» የተባለች እህት ሻንጣዋን ስታስበው ምን እንደምትል መገመት አያቅትም።

ሣጥን ላይ የተጻፈን ቁጥር በጥርጣሬ አንብቡ። በጥቂት ብር «100 ሜጋኸርዝ፣ 1 ጊጋሳምፕል» የሚል ታብሌት መሳይ ስኮፕ ካያችሁ መጀመሪያ ሰው ለክቶ ያሳየበትን ቪዲዮ ፈልጉ። ጊጋሳምፕሉም ቢሆን ለቻናሎቹ የሚከፋፈል ነው። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ በአንድ ቻናል 1 ጊጋሳምፕል ይወስዳል፤ አራቱም ሲከፈቱ ግን ለእያንዳንዱ 250 ሜጋሳምፕል ነው የሚደርሰው። ይህን አምራቹ ራሱ ጽፎታል፤ ችግሩ የማይጽፉት ጋ ነው።

ምረጥልን ካላችሁ፣ ገንዘቡ ከሌለ ዲኤስኦ138ን እና ባለ 8 ቻናሉን 24 ሜጋኸርዝ ሎጂክ አናላይዘር ገዝታችሁ ጀምሩ። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ደህና ስኮፕ ዋጋ ሩቡን እንኳ አይደርሱም። ገንዘቡ ካለ በ2023 የወጣውን ሪጎል ዲኤችኦ804 እመርጣለሁ። 70 ሜጋኸርዝና 4 ቻናል አለው፤ 12 ቢት ስለሆነ ቁመቱን በ4096 ደረጃ ይከፍለዋል፤ የተለመዱት 8 ቢቶች የሚከፍሉት በ256 ነው። ፓወር ሰፕላይ ላይ ያለች ጥቂት ሚሊቮልት ጭረት ስትፈልጉ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። በመካከል ያለው ሰው ያገለገለ ዲኤስ1054ዜድ ወይም ባለ ሁለት ቻናል ሃንቴክ ቢያገኝ አይቆጭም። ከኪቱ በስተቀር የትኛውንም ብትገዙ ፕሮቡን 10ኤክስ ላይ አድርጉት፤ 1ኤክስ ላይ ከጥቂት ሜጋኸርዝ በላይ አያሳልፍም። ስኮፑ ፊት ለፊት ካለው የ1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ሞገድ ላይ ሰክታችሁ ማዕዘኑ ቀጥ እስኪል ድረስ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ብሎን አስተካክሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ቻርጀርና የቲቪ ፓወር ሰፕላይ የምትጠግኑ ሰዎች ይህን ስሙኝ። የፕሮቡ ግራውንድ መቆንጠጫ በአብዛኛው በስኮፑ ውስጥ አልፎ ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር የተገናኘ ነው። የሁሉም ቻናል ግራውንድም አንድ ነው። 220 ቮልቱ ተጣርቶ 310 ቮልት ዲሲ በሆነበት በፕራይመሪ በኩል መቆንጠጫውን ከነከሳችሁበት ሾርት ነው፤ ፕሮቡም ቦርዱም አብረው ይሄዳሉ፣ ስኮፑም ላይተርፍ ይችላል። «የስኮፑን ኧርዝ ቁረጠው» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የስኮፑ ብረት ሁሉ 310 ቮልቱን ይሸከማል፤ የምትነኩትም በእጃችሁ ነው። የምትጠግኑትን ዕቃ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር አስነሱት፣ ወይም ዲፈረንሻል ፕሮብ ግዙ። ሁለቱም ከሌላችሁ ፕራይመሪውን በቴስተር ብቻ ለኩ፤ የስኮፑን ኧርዝ ግን አትቁረጡ።