መርከቧ ውስጥ ተያዝኩ!
እጮኛዬና እኔ ኩዋላ ላምፑር ስንማር አንድ እሁድ ማላካ ወረድን። የጥንት የንግድ ወደብ ናት። የባሕር ታሪክ ሙዚየሟ ራሱ መርከብ ነው፤ የፖርቱጋሎች «ፍሎር ደ ላ ማር» አምሳያ። እውነተኛዋ በ1511 (እ.ኤ.አ.) ከማላካ የተዘረፈ ሀብት ጭና ስትሄድ ሱማትራ አጠገብ ሰጠመች። አሮጌና ውሃ የምታስገባ መሆኗን እያወቁ ነበር የጫኗት!

«ልክ እንደኛ ሠርግ» አለችኝ፣ ዘወር እንኳ ሳትል።

ክው አልኩ። ለካ ለድግሱ የተበደርኩትን ሰምታ ኖሯል! እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ዕዳዬን አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። አልጮኸችም፤ እሱ ነው የባሰው። እስክሪብቶ አውጥታ ትኬቷ ጀርባ ላይ «እንግዳ 500» ብላ ጻፈችና ሰረዘችው።

«150» አለች። «ያውም እናትህ ከተስማሙ።»